“አሰልጣኙ ይባረር!” ከማለታችን በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክለባችን አራት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ሁላችንም የምንለው አንድ ነገር ነው። “ይሂድልን!” ዲኤስቲቪ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቴሌግራም ላይም ወሬው እሱ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ቅዳሜና እሁዱን ለክለቡ የሰጠ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስለ አሰልጣኝ ስንብት ከምንደጋግማቸው ነገሮች ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። የሚያሳዝነው የክለብ ባለቤቶችም እነዚህኑ አምነው በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ማውጣታቸው ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት አብዛኞቻችን ከምንከታተለው ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት፦ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድኑ ይነቃል

እውነታው፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይነቃል። ግን አሰልጣኙ ባይቀየርም ይነቃ ነበር።

እስቲ አሰልጣኝ የሚባረርበትን ጊዜ አስቡት። ማንም ሦስት ጨዋታ አሸንፎ አይባረርም። የሚባረረው ሁሉ ነገር በአንድ ላይ ሲጠምበት ነው። ዋናው ተከላካይ ተጎድቷል። ፕሮግራሙ ከሲቲ፣ ከሊቨርፑልና ከአርሰናል ጋር አከታትሎ አጋጥሞታል። አጥቂው የሚመታውን ኳስ የግቡ ብረት ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ክፉ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ አይዘልቅም። የተጎዳው ይመለሳል፣ ፕሮግራሙ ይቀላል፣ ኳሱም መግባት ይጀምራል። በዚህ መሀል አሰልጣኝ ከተቀየረ ምስጋናውን ጠቅልሎ የሚወስደው አዲሱ ነው።

ባስ ተር ዌል የሚባል ሆላንዳዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ይህንን በቁጥር ፈትሾታል። ከ1986 እስከ 2004 በሆላንድ ከፍተኛ ሊግ የነበሩትን ስንብቶች ሰበሰበ። ከዚያ ተመሳሳይ የውጤት ማሽቆልቆል ገጥሟቸው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ቡድኖችን ፈልጎ ከእነሱ ጋር አስተያየ። ሁለቱም ወገኖች አገገሙ። ያባረሩት ካላባረሩት የተሻለ ነገር አላገኙም። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ሁልጊዜ የምናየው ያባረረውን ክለብ ብቻ ነው። ያላባረረው ዝም ብሎ ሲያገግም ዜና አይሆንም።

የክሪስታል ፓላስን የ2017 ታሪክ ተመልከቱ። ፍራንክ ደ ቦር አራት የሊግ ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንድም ጎል ሳያገባ ተባረረ። ሮይ ሆጅሰን መጣ። ቡድኑ ነቃ? አልነቃም። ሦስት ተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ፣ አሁንም ያለ ጎል። በስምንተኛው ጨዋታ ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ዓመቱንም 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። በቼልሲው ጨዋታ ምን ተለወጠ? ከመክፈቻው ጨዋታ ጀምሮ ተጎድቶ የነበረው ዊልፍሬድ ዛሃ ተመለሰ። አንዱን ጎል ያገባውም እሱ ነው። ሆጅሰን ጎበዝ አሰልጣኝ ነው፣ ያንን አልክድም። ግን ደ ቦር ዛሃን አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው የለም።

ሌስተርም አለ። በ2016 ዓለምን ጉድ ያሰኘ ዋንጫ አነሱ። አሥር ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 2017፣ ክላውዲዮ ራኒዬሪን አሰናበቱት። ምክትሉ ክሬግ ሼክስፒር ተረክቦ አምስት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። “አያችሁ፣ ችግሩ ሰውየው ነበር!” ተባለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሼክስፒርም ተባረረ። ቡድኑ 18ኛ ነበር።

አመለካከት፦ ፈርጉሰን ጊዜ ተሰጥቶት ነው እዚያ የደረሰው፤ ስለዚህ ማንም መባረር የለበትም

ይህ ደግሞ የታጋሾቹ ወገን ስህተት ነው። እኔም ወደዚህ ወገን አደላለሁና በደንብ ልመርምረው።

ታሪኩ እውነት ነው። አሌክስ ፈርጉሰን በኅዳር 1986 ማንቸስተር ዩናይትድን ተረከበ። የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990 ነው፤ ኤፍኤ ካፕ። የሊጉን ዋንጫ ለማየት እስከ 1993 መጠበቅ ነበረበት። በመሀሉ ሁለት ጊዜ 11ኛ፣ አንድ ጊዜ 13ኛ ሆኖ ጨርሷል። በመስከረም 1989 በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተቀጥቅጧል። ዛሬ ቢሆን በማግስቱ ይሰናበት ነበር።

ግን አንድ የምንዘለው ነገር አለ። ፈርጉሰን ራሱ እንዴት መጣ? ሮን አትኪንሰን በውድድር ዓመቱ መሀል ተባርሮ ነው። ዩናይትድ ያኔ ከ22 ክለቦች 21ኛ ነበር። ስለዚህ “ታገሱ” ለማለት የምንጠቅሰው ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በስንብት ነው። ቦርዱ አንዱን አባርሮ ሌላውን ታገሰ። ሁለቱም ውሳኔ ልክ ነበር።

ልዩነቱ የታገሡበት ምክንያት ነው። ፈርጉሰን በሊጉ 13ኛ ሲሆን ከሰንጠረዡ ሥር ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። የታዳጊ ምልመላውን ከሥሩ ቀይሮታል። ሪያን ጊግስ ገና በ14 ዓመቱ የመጣው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በ1988 ሊጉን 2ኛ ሆኖ ጨርሷል። ሊቀመንበሩ ማርቲን ኤድዋርድስ ይህንን ያይ ነበር። ደጋፊው ግን የሚያየው የቅዳሜን ውጤት ነው።

የአርሰናሉ አሰልጣኝ የአርቴታም ነገር ተመሳሳይ ነው። በነሐሴ 2021 አርሰናል ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ፤ 9 ጎል ገባበት፣ አንድም አላገባም። የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። የስንብት ጥያቄው ጣሪያ ነካ። ነገር ግን ከሦስቱ ሁለቱ ጨዋታ ከቼልሲና ከሲቲ ጋር ነበር። ኦዴጋርድ፣ ራምስዴልና ዋይት ገና መምጣታቸው ነው። ሳካ እያደገ ነበር። ክለቡ ጠበቀ። ያንን ዓመት 5ኛ ሆነ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ውሰዱ። አስቶን ቪላ በጥቅምት 2022 ስቲቨን ጄራርድን ሲያሰናብት “ጊዜ ስጡት” ያሉ ነበሩ። ቪላ አልሰማም። በአራት ቀን ውስጥ ኡናይ ኤምሪን አስታወቀ። ኤምሪ ከሴቪያ ጋር ሦስት፣ ከቪያሪያል ጋር አንድ ዩሮፓ ሊግ ያነሳ ሰው ነው። ለወራጅነት የተጠጋው ቡድን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት 4ኛ ሆኖ ቻምፒዮንስ ሊግ ገባ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ያው ነበሩ። እዚህ ላይ መታገሥ ጥፋት ይሆን ነበር።

ልብ በሉ፣ ቪላ ጄራርድን ሲያሰናብት የሚቀጥለውን ሰው አስቦበት ነበር። “ይሂድ” ከሚለው ጋር “ማን ይምጣ?” የሚለው መልስ ካልተዘጋጀ ውሳኔው ግማሽ ነው። ብዙ ክለቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

አመለካከት፦ ተጫዋቾቹን ከመቀየር አሰልጣኙን ማባረር ይረክሳል

የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የነበረውን የቴን ሃግን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። በግንቦት 2024 ማንቸስተር ዩናይትድ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲን አሸነፈ። ክለቡ ግን ሰውየውን ለመተካት ሌሎች አሰልጣኞችን ሲያነጋግር ከረመ። የሚመርጠውን አጥቶ በሐምሌ ወር ውሉን አራዘመለት። በዚያው ክረምት ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ደ ሊክትን፣ ማዝራዊን፣ ዚርክዜን፣ ዮሮንና ኡጋርቴን ገዛ። ደ ሊክትና ማዝራዊ ቴን ሃግ አያክስ እያለ ያሠለጠናቸው ልጆች ናቸው። ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ፣ ከዘጠኝ የሊግ ጨዋታ በኋላ፣ 14ኛ ሆኖ እያለ አባረረው።

ለቴን ሃግና ለረዳቶቹ ስንብት ብቻ ክለቡ 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ማውጣቱን በሒሳብ መግለጫው አስታውቋል። ሩበን አሞሪምን ከስፖርቲንግ ለማምጣትም ካሳ ተከፈለ። ትልቁ ኪሳራ ግን እዚያ ሒሳብ ላይ አይታይም። አሞሪም የሚጫወተው በሦስት ተከላካይና በመስመር ተመላላሾች ነው። ቡድኑ የተገዛው ለሌላ አጨዋወት ነው። ስለዚህ በመሀል ዓመት የመጣው ሰው የማይሆኑትን ተጫዋቾች ይዞ መጀመር ነበረበት። ዩናይትድ ያንን ዓመት 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ካባረረበት ደረጃ በታች ማለት ነው።

ከፈርጉሰን በኋላ ሞዬስ፣ ቫንሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም። አንዱ ኳስ በመያዝ ያምናል፣ አንዱ መከላከል ይወዳል፣ አንዱ በመልሶ ማጥቃት ይኖራል። አንዱ ያስገዛውን ተጫዋች ሌላው አይፈልገውም። ይህንን ያደረገው አሰልጣኝ አይደለም። እነዚህን ሰዎች ያለ አንድ ሐሳብ እየመረጠ የቀጠረው ቦርዱ ነው። ደጋፊ ሆኜ የምናደደው በዚህ ነው፦ ቀጣሪው ተሳስቶ የሚሰናበተው ሁልጊዜ ተቀጣሪው ነው።

አመለካከት፦ ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ አይነካም

ይነካል። ቫንሃል ከዩናይትድ ጋር ኤፍኤ ካፕ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ዲ ማቲዮ ለቼልሲ የመጀመሪያውን ቻምፒዮንስ ሊግ በግንቦት 2012 አምጥቶ በኅዳር ተባረረ። ፖስቴኮግሉ በ2025 ዩሮፓ ሊግን ለቶተንሃም አስገኝቶ በ16ኛው ቀን ወጣ፤ ሊጉን 17ኛ ሆኖ ነበር የጨረሰው። የቶተንሃሙን ውሳኔ እረዳለሁ። በዋንጫ ውድድር ጥቂት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃል፤ የሊጉ 38 ጨዋታ ግን ቡድኑን ገልጦ ያሳያል።

አመለካከት፦ ወራጅ ቀጠና የገባ ክለብ አሰልጣኝ ካልቀየረ መውረዱ ነው

የ2022/23 ውድድር ዓመትን እንይ። የወረዱት ሌስተር፣ ሊድስና ሳውዝሃምፕተን ናቸው። ሦስቱም አሰልጣኝ ቀይረዋል። ሊድስ ማርሽን፣ ግራሲያንና አላርዳይስን አፈራረቀ። ሳውዝሃምፕተን ሃዘንሁትልን አባርሮ ኔታን ጆንስን አመጣ፤ እሱንም አባርሮ ለሩበን ሴየስ ሰጠው። መጨረሻ ሆኖ ወረደ።

በዚያው ዓመት ኖቲንግሃም ፎረስት በጥቅምት ወር የሊጉ ግርጌ ላይ ሆኖ ለስቲቭ ኩፐር አዲስ ውል ሰጠው። ተረፈ። ዌስትሃምም ሲንገዳገድ ሞዬስን አልነካም፤ በሊጉ ቆየ፣ ኮንፈረንስ ሊግንም አነሳ።

በሌላ በኩል ኤቨርተን ላምፓርድን በዳይች ቀይሮ ድኗል። ያንን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ዳይች በትንሽ ገንዘብ በቀላሉ ጎል የማይገባበት ቡድን መሥራት ያውቅበታል፤ ኤቨርተን ያኔ የጎደለው እሱ ነበር። ሰውየውና ችግሩ ሲገጥሙ ለውጥ ይሠራል።

መውረድም የዓለም መጨረሻ አይደለም። በርንሌይ በ2015 ከዳይች ጋር ወረደ። አላባረረውም። በዓመቱ የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ አንስቶ ተመለሰ።

አመለካከት፦ ጊዜያዊ አሰልጣኙ ጥሩ ከጀመረ ቋሚ ይሁን

ይህ ስህተት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ በደስታ ጊዜ ስለሚመጣ ግን ማንም አያስተውለውም።

ኦሌ ጉናር ሶልሻየር በታኅሣሥ 2018 በማንቸስተር ዩናይትድ ሞሪንሆን ተካ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነበር የተሰጠው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በመጋቢት መጀመሪያ ፓሪስ ላይ ፒኤስጂን 3 ለ 1 ረትቶ ከቻምፒዮንስ ሊግ አስወጣ። ደጋፊው በደስታ ሰከረ። የቀድሞ ተጫዋቾች በየቴሌቪዥኑ “ወረቀቱን አምጡና ይፈርም” ይሉ ነበር። ክለቡም በመጋቢት 28 የሦስት ዓመት ውል አስፈረመው።

ከዚያ በኋላ በቀሩት 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። ኤቨርተን ላይ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አስቀድሞ ከወረደው ሃደርስፊልድ ጋር አቻ ወጣ። በመጨረሻው ቀን በኦልድ ትራፎርድ በካርዲፍ 2 ለ 0 ተረታ፤ ካርዲፍም የወረደ ቡድን ነበር።

ለሶልሻየር ፍትሐዊ ልሁን። በኋላ ሊጉን አንድ ጊዜ 3ኛ፣ አንድ ጊዜ 2ኛ ሆኖ ጨርሷል። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ውሉ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስለነበር እስከ ግንቦት መጠበቅ ቦርዱን ምንም አያስከፍለውም ነበር። ስምንቱን ድል ብቻ ሳይሆን የኋላዎቹንም 10 ጨዋታዎች አይቶ፣ ሌሎች አሰልጣኞችንም ጎን ለጎን አነጋግሮ መወሰን ይችል ነበር።