የውቅያኖሱ «ባዮሎጂካል ፓምፕ» ምንድን ነው?

«የሰው ልጅ ነዳጅና ከሰል እያቃጠለ በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይለቃል። የውቅያኖሱ ባዮሎጂካል ፓምፕ ደግሞ በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ወደ ጥልቁ ያወርዳል። እንግዲህ ባሕሩ የኛን ጭስ እየጠረገልን ነው ማለት ነው።»

ይህን ሒሳብ ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ሲናገረው ሰማሁ። ከዚህ በፊትም ከሌሎች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቁጥሮቹ ከእውነቱ ብዙም አይርቁም። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። የባሕር ኬሚስትሪን ሙያዬ ላደረግሁት ለእኔ ደግሞ በጣም የሚያንገበግብ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ይህን ሰምቶ ተረጋግቶ ይተኛል።

ቃሉን በአጭሩ ላስረዳ። ብርሃን በሚደርስበት በላይኛው ውኃ ውስጥ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስደው አካላቸውን ይሠራሉ። ከዚያ ይሞታሉ ወይም ይበላሉ። ሬሳቸውና የበላቸው እንስሳ ኩስ እየተጣበቀ፣ እንደ ነጭ ብናኝ ወደ ታች ይወርዳል። አብዛኛው ገና በመንገድ ላይ እያለ ባክቴሪያ ይበላውና እንደገና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ግን አሁን ጥልቁ ውስጥ ነው። ፓምፕ የምንለው ይህንን መውረድ ነው።

አሁን አውድማና ጎተራ አስቡ። አውድማው ላይ የተከመረው እህል በአየሩና በላይኛው ውኃ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው። ጎተራው ጥልቁ ውቅያኖስ ነው። ጎተራው ግዙፍ ነው። አየሩ ዛሬ 900 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ሲይዝ ውቅያኖሱ 38,000 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይዟል።

እህሉ ወደ ጎተራ የሚገባው በጆንያ ነው። ጆንያዎቹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ናቸው። ፋይቶፕላንክተን ያለ እነሱ ማደግ አይችልም። ባሕር ውስጥ ካርቦን ሞልቷል፤ የሚያጥረው ጆንያው ነው። ስለዚህ አውድማው ላይ ያለው ክምር እጥፍ ቢሆንም ጆንያው ያው ከሆነ ወደ ጎተራ የሚገባው እህል ያው ነው። ከሰል ስናቃጥል ክምሩን አሳደግን እንጂ ጆንያ አልጨመርንም።

ተንታኙ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑን የሚያዘው በአየር ላይ ያለው ካርቦን ይመስለዋል። አይደለም። (ፍትሐዊ ለመሆን፦ ወንዞች ከእርሻ ማዳበሪያ እያጠቡ ወደ ባሕር ዳርቻ ያወርዳሉ፣ ይህ ጆንያ መጨመር ነው። አንዳንድ ሙከራዎችም ካርቦን ሲበዛ በአንድ ጆንያ ትንሽ ተጨማሪ እንደሚታጨቅ አሳይተዋል። ሁለቱም ግን የኛን 10 ቢሊዮን ቶን የሚሸከሙ አይደሉም።)

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጆንያው ከየት ነው የሚመጣው? ከዚያው ከጎተራው ነው። ጥልቁ ውኃ በሌላ ቦታ ወደ ላይ ሲወጣ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ይዞ ይወጣል። ግን ጆንያው ባዶውን አይመለስም። ያ ውኃ ጥልቁ ውስጥ የበሰበሰውን ነገር ካርቦንም ተሸክሟል። የባሕር ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ ለዚህ የተወልን ስሌት አለ፦ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች። በዚህ መጠን ይወርዳል፤ በዚሁ መጠን ገደማ ይመለሳል። 10 ቢሊዮን ቶን በአንድ በር ሲገባ 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ በሌላ በር ይወጣል። ፋብሪካ ከመፈጠሩ በፊትም እንዲሁ ነበር። ጎተራው ሙሉ ነው ማለት እየጨመረ ነው ማለት አይደለም። ተንታኙ ገቢውን ቆጠረ፣ ወጪውን ዘለለ።

ደግሞ ነቀዝ አለ። አሜሪካዊው የባሕር ተመራማሪ ጆን ማርቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። በእሱ መሠረት 100 ሜትር ጥልቀትን አልፎ ከሚወርደው ካርቦን 1,000 ሜትር የሚደርሰው 14 በመቶው ገደማ ነው። ሌላውን ባክቴሪያና ደቃቅ እንስሳት መንገድ ላይ ይጨርሱታል። ይህ ቁጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል። የምንለካውም ውኃ ውስጥ በምናንጠለጥለው ወጥመድ ነው፤ የባሕር ውስጥ ጅረት የሚወርደውን ብናኝ ከአፉ ገፍቶ ይወስዳል፣ ወይም ዋናተኛ እንስሳት ራሳቸው ገብተው ይሞቱና ቁጥሩን ያበላሻሉ። እነዚያን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት የሙያችን አድካሚ ሥራ ነው። ስለዚህ «10 ቢሊዮን» ሲባል ከ5 እስከ 12 ባለው መካከል እንደሆነ ያዙልኝ።

የባሕሩ ወለል ደርሶ ደለል ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረው በዓመት 0.2 ቢሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነው። «ለዘላለም ተቀበረ» የሚባለው ነገር ቢያንስ ለዚህች ብቻ ቢባል ደስ ይለኛል።

ታዲያ ጆንያ ብንጨምርስ? ይህንንም መጀመሪያ አጥብቆ ያነሣው ያው ማርቲን ነው፤ ደቡባዊውን ውቅያኖስ ያጠረው ብረት ነው አለ። እርሱ ካረፈ በኋላ በመርከብ ብረት እየተወሰደ ባሕር ላይ ተበተነ። በብዙ ቦታ ውኃው አረንጓዴ ሆነ፤ ፋይቶፕላንክተን በዛ። እዚህ ድረስ ማርቲን ልክ ነበር። ወደ ጥልቁ የወረደ ተጨማሪ ካርቦን በግልጽ ማሳየት የቻሉት ሙከራዎች ግን ጥቂት ናቸው። ነቀዙ አሁንም እዚያው ነው።

እንዲህ ስል ፓምፑ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ፓምፑ ባይኖር ኖሮ ከጥልቁ ብዙ ካርቦን ይወጣና ከኢንዱስትሪ በፊት 280 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280ው) የነበረው የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ200 ፒፒኤም ገደማ ይጨምር ነበር። ጎተራውን የሞላው እሱ ነው። እኛ አሁን የጨመርነውን እየወሰደ ያለው ግን እሱ አይደለም።

ማን ነው ታዲያ? ውቅያኖሱ የኛን ልቀት ሩብ ያህል፣ በዓመት 3 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ በእርግጥ ይወስዳል። (የምናገረው ስለ ካርቦን ክብደት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ በ3.67 አባዙ። ሁለቱን መቀላቀል ግማሹን ክርክር ያመጣል።) ይህ የሚሆነው በኬሚስትሪ ነው። አየሩ ውስጥ ሲበዛ ጋዙ ውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ እዚያ ካርቦኔት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ባይካርቦኔት ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ለዚህ ሕይወት ያለው ነገር አያስፈልግም። ገደብም አለው፤ ካርቦኔቱ እየተመናመነ ሲሄድ ውኃው የመዋጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ አሲድነቱም ይጨምራል። ሳይንቲስቶቹ ሮጀር ሬቬልና ሃንስ ዙስ ይህን ገደብ እ.ኤ.አ. በ1957 ጽፈውታል።

ላይ የተሟሟው እንዲሰነብት ደግሞ ውኃው ራሱ መውረድ አለበት። ይህ የሚሆነው በጥቂት ቦታዎች ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላብራዶርና ግሪንላንድ አካባቢ፣ እንዲሁም በአንታርክቲካ ዙሪያ፣ ውኃው በጣም ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል። ይህን ጉዞ የምንከታተለው ድሮ ፍሪጅ ውስጥ በነበረው ጋዝና ከኑክሌር ሙከራዎች በቀረው ካርቦን 14 በሚባል ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት ነው፤ ሁለቱም መቼ ወደ አየር እንደገቡ ስለሚታወቅ እንደ ማኅተም ያገለግሉናል።

የኛ ካርቦን ያለበትን ቦታ ብትመለከቱም ታሪኩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ቆጠራ ግማሽ ያህሉ በላይኛው 400 ሜትር ውኃ ውስጥ እንደተከማቸ አሳየ። ብናኙ ይዞት ቢወርድ ኖሮ ከሥር፣ ብናኙ በሚበሰብስበት ጥልቀት ሁሉ ተበታትኖ እናገኘው ነበር። የምናገኘው ግን ላይ፣ በገባበት በር አጠገብ ነው።

በሰሜን ፓስፊክ ጥልቁ ውስጥ ያለው ውኃ አየር ከነካ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ማለት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው በፊት ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ውኃ አብዛኛው በመጨረሻ የሚወጣው በአንታርክቲካ ዙሪያ ነው። የኛን ጭስ አይቶት ስለማያውቅ ወጥቶ አየሩን ሲነካ ብዙ መዋጥ ይችላል፤ ከዚያም ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይሰምጣል። ውቅያኖሱ ከኛ ከሚወስደው ካርቦን 40 በመቶ ገደማ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።