የ«ዱን» ፊልሞች በድሬዳዋ ዓይን

«ዱን» አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው የሳይንስ ልብወለድ ነው። (የፊልሞቹና የመጻሕፍቱ ዓመት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ታሪኩ የሚፈጸመው አራኪስ በምትባል ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ከአሸዋው ሥር የጂቡቲን ባቡር ከነፉርጎው የሚውጥ ትል ይኖራል። ከአሸዋው የሚዛቅ ቅመምም አለ፤ ያለ እሱ ከኮከብ ኮከብ መጓዝ አይቻልም። ስለዚህ ገዢዎቹ ይጋደሉበታል። ፖል አትሬዲስ የሚባለው የመስፍን ልጅ አባቱ ሲገደልበት በረሃ ይገባል። ፍሬመን ከሚባሉት የበረሃ ሰዎች ጋር ይኖራል፤ መሪያቸው ሆኖም ይመለሳል።

መጽሐፉ ሦስት ጊዜ ወደ ስክሪን መጥቷል። በ1984 ዴቪድ ሊንች ለሲኒማ፣ በ2000 ጆን ሃሪሰን ለቴሌቪዥን፣ በ2021 እና በ2024 ደግሞ ዴኒ ቪልኑቭ በሁለት ክፍል ሠርተውታል። ነገሩን ጠበቅ ካደረግነው ቪልኑቭ መጽሐፉን እንጂ የሊንችን ፊልም አይደለም እንደገና የሠራው። ተመልካች ግን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ማወዳደሩ አይቀርም።

ፊልሞቹን ድሬ ላይ ሆኖ ማየት የራሱ ሚዛን አለው። እዚህ ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል። ሙቀቱ ሲበረታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚያድር ብዙ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገር ሰው በደቻቱ በኩል ያልፋል፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። የውሃ መስመር ሲጠፋ ጀሪካን ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ተመልካች የበረሃ ፊልም ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መርከቡና ስለ ሰይፉ አይደለም። አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን አላላባቸውም ይላል።

በዚህ ሚዛን የሊንች ፊልም ይወድቃል። የበረሃው ትዕይንት የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ሳማላዩካ በሚባል የአሸዋ ክምር አካባቢ ነው፣ ቦታው እውነተኛ ነው። ፀሐዩ ግን አይሰማም። ፊልሙ ልቡ ያለው አዳራሽ ውስጥ ነው፦ ወርቅ ቅብ፣ የተጠረበ እንጨት፣ ሜዳሊያ የደረደረ ዩኒፎርም። ፍሬመኖቹ ላብና ትንፋሽ አጣርቶ የመጠጥ ውሃ የሚያደርግ ጥቁር ልብስ ይለብሳሉ። ግን ራሳቸውን ሳይሸፍኑ በጠራራ ፀሐይ ይሯሯጣሉ። ሽርጥ አሸርጦ፣ ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ የሚወጣ የድሬ ሰው ይህን ቶሎ ያያል።

ሌላው ችግር ጥድፊያው ነው። ያን ወፍራም መጽሐፍ በ137 ደቂቃ ለመጨረስ ሊንች የገጸ ባሕርያቱን ሐሳብ በሹክሹክታ ያሰማናል። ትርጉም ፊልም የለመደ ሰው እንኳ ብዙም አይደነግጥም፤ ተራኪው ከፊልሙ ጋር አብሮ መጥቷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች የቃላት መፍቻ ወረቀት ለተመልካቹ ያድሉ ነበር። ያም ሆኖ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ፊልም በአገሩ ያስገባው 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። የመጨረሻውን ቅንብር የመወሰን ሥልጣን ያልነበረው ሊንች፣ ቆይቶ ለቴሌቪዥን ከተዘጋጀው ረጅም ቅጂ ላይ ስሙን አስነስቷል።

ቢሆንም ሊንች ያሳየውን ጉድ ማንም አልደገመውም። ገና ሲጀመር ትልቅ ሳጥን ውስጥ በቅመም ጭስ የሚተነፍስ፣ ከሰው መልክ የወጣ የጠፈር መርከብ መሪ ይመጣል። ቪልኑቭ ይህን ፍጡር ጭራሽ አላሳየም። ለእኔ ይህ ጉድለት ነው።

የ2000ው ሥራ ሦስት ክፍል ያለው ተከታታይ ነው። የቀረጸው ቪቶሪዮ ስቶራሮ የሚባል ስመ ጥር ጣሊያናዊ ባለሙያ ነው፤ ለዚህም የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ቀረጻው ግን ፕራግ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። በረሃው ከተዋንያኑ ጀርባ የተዘረጋ ትልቅ ሥዕል ነው፣ ያስታውቃልም። ብርሃኑ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ እንደ ቴአትር መድረክ ይቀያየራል። ማን ከማን ጋር ለምን እንደተጣላ መረዳት የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። ሴራውን ከሦስቱ በደንብ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ቪልኑቭ ካሜራውን ይዞ ዮርዳኖስ ዋዲ ረም እና አቡ ዳቢ ሊዋ በረሃ ሄደ። በኮምፒውተር የሚሞላ ትዕይንት ሲቀረጽ ከተዋንያኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መጋረጃ ይሰቀላል። የቪልኑቭ ሠራተኞች በአሸዋ ቀለም ተጠቀሙ። መጋረጃው ተዋንያኑ ላይ የሚመልሰው ብርሃን ስለዚህ የበረሃ ብርሃን ሆነ። ፊታቸው ላይ ያለው ነጸብራቅ ዓይን የሚያስጨፍን ነው፤ ድሬ ላይ በሰባት ሰዓት ወደ ውጭ ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ከብርሃኑ ይበልጥ ግን ውሃው ነው። በ2021ዱ ክፍል አንድ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ላሉ 20 የቴምር ዛፎች ውሃ ያጠጣል። እያንዳንዱ ዛፍ በቀን የአምስት ሰው ውሃ ይጠጣል፤ ሃያው የመቶ ሰው ሕይወት ነው። ፖል ይነቀሉ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ የለም የተቀደሱ ናቸው ይለዋል። የከዚራን የዛፍ ጥላ ለሚወድ ሰው ይህች አጭር ትዕይንት ሳትገባው አትቀርም። ጠላት ከተማዋን ሲያጠቃ ዛፎቹ በእሳት ሲነዱ ያማል።

ሌላም አለ። የፍሬመኑ አለቃ ስቲልጋር መስፍኑ ፊት ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። ጠባቂዎቹ ተቆጥተው ሊነሱ ሲሉ፣ በረሃውን የሚያውቀው የመስፍኑ ተዋጊ ዱንካን ያስቆማቸዋል። ስቲልጋር ሰውነቱ ውስጥ ካለው ውሃ ስጦታ መስጠቱ ነው። በ2024ቱ ክፍል ደግሞ ከሞተ ሰው ውሃ ይቀዳል። የወገን ከሆነ ከተቀደሰው ኩሬ ይጨመራል፣ በጥም ቢሞቱም አይነኩትም። የጠላት ወታደር ውሃ ግን ኬሚካል ስላለበት ለማቀዝቀዣ ብቻ ይውላል። ሊንችም የውሃውን ጉዳይ አይዘለውም፣ ብቻ በወሬ ያልፈዋል።

ይህ ማለት ቪልኑቭ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል መሃል ላይ ይቆማል። የሃንስ ዚመር ሙዚቃ ወለል እንዲያንቀጠቅጥ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ከቴሌግራም አውርዶ በስልክ ለሚያይ ሰው ግማሹ ይጠፋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው መጨረሻው ላይ ነው። ሊንች ፖልን ካነገሠ በኋላ በአራኪስ ላይ ዝናብ ያዘንባል፣ ሕዝቡ ይደሰታል። በመጽሐፉ ግን ውሃ ትሉን ይገድለዋል፣ ትሉ ከሌለ ቅመሙ የለም። የደስታው ዝናብ የፕላኔቷን ሀብት ይዞ ሊሄድ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚመጣ ውሃ ሌላ ትዝታ አለው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ከተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ የሊንችን መጨረሻ እዚህ በእልልታ መቀበል ያስቸግራል።

ቪልኑቭ ዝናብ አላመጣም። ፖል የንጉሡን ልጅ ለማግባት ሲጠይቅ የሚወዳት ቻኒ አትሰግድለትም፤ ጥላው ወደ በረሃ ትወጣለች። ተከታዮቹ በስሙ ለጦርነት መርከብ ይሳፈራሉ። ይህ አካሄድ ለኸርበርት ሐሳብ ይቀርባል። ደራሲው ፖልን ሰው እንዲጠነቀቀው ነበር የጻፈው፤ ብዙ አንባቢ ግን እንደ ጀግና ወሰደው። በ1969 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ በስሙ የተካሄደው ጦርነት ቢሊዮኖችን እንደፈጀ ይናገራል።