ያለፈ ሕይወት አስታዋሽ ልሁን? ጅማ ላይ ቡና እየጠጣን የሰማኋቸው ስሕተቶች

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ቡና ቤት ቁጭ ብለናል። ሳይኮሎጂ ተመርቆ ሥራ ያጣ ጓደኛችን «ኦንላይን ኮርስ ወስጄ ያለፈ ሕይወት ሂፕኖቴራፒስት ብሆንስ?» አለ። ሰውን በሂፕኖሲስ አረጋግቶ፣ ከመወለዱ በፊት ኖሮታል የሚባለውን ሕይወት የሚያስታውሰው ሰው ማለቱ ነው። አቦሉ ሳያልቅ ሁሉም ባለሙያ ሆነ።

«ያስተኙሃል፣ ፈቃድህን ይወስዱብሃል።»
አይደለም። ሂፕኖሲስ የሚለው ቃል የመጣው በግሪክ እንቅልፍ ማለት ከሆነው «ሂፕኖስ» ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ብሬድ ራሱ እንቅልፍ የሚለውን ስያሜ በኋላ ሊቀይረው ሞክሯል። በሂፕኖሲስ ያለው ሰው ነቅቷል፤ ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ተሰብስቧል፤ ያ ብቻ ነው። ካልፈለገ ተነሥቶ ይሄዳል።

«መተት ነው።»
ይህም አይደለም። ሕመምንና ጭንቀትን ለማስታገስ የሚጠቀሙበት ሐኪሞች አሉ። ሂፕኖሲስ ሌላ፣ ያለፈ ሕይወት ሌላ።

«እውነት ካልሆነ ያን ሁሉ ዝርዝር ከየት ያመጣዋል?»
ቶናው የተጠጣው በዚህ ክርክር ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ነጋዴ አንዲትን የቤት እመቤት ሂፕኖታይዝ አደረጋት። እሷም በአየርላንድ አነጋገር «ብራይዲ መርፊ ነኝ፤ በ1798 ኮርክ ተወለድኩ» አለች። ጋዜጠኞች አየርላንድ ድረስ ሄደው ፈለጉ፤ የልደትም የሞትም መዝገብ ጠፋ። በኋላ ግን በልጅነቷ ቺካጎ ስትኖር ከመንገዱ ማዶ የአየርላንድ ሴት እንደነበረች ተጻፈ። የሴትየዋ ስም? ብራይዲ መርፊ ኮርኬል።

አእምሮ ወሬውን ይይዛል፣ ከማን እንደሰማው ይረሳል። አያትህ ስለ አባ ጅፋር ሲያወሩ አድገህ፣ ጅሬን ያለውን የእንጨት ቤተ መንግሥት አይተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ «በር ይታይሃል?» ብትባል የቤተ መንግሥቱ በር ቢታይህ ምን ይገርማል? ጥያቄው ራሱ እኮ በር አቀበለህ።

«ሰርተፊኬት ካለ በቂ ነው።»
እንግሊዝ አገር እንኳ «ሂፕኖቴራፒስት» የሚለውን መጠሪያ ሕግ አይጠብቀውም፤ አጭር ኮርስ የወሰደም ይጠራበታል። በዚህ ነገር ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ብራያን ዋይስ ግን መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ዬል ተምሯል። እሱም ቢሆን ያለፈ ሕይወትን በሳይንስ አላረጋገጠም። ለወዳጄ የነገርኩት ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተማር፣ ሂፕኖሲስ ከዚያ ይደረብበታል። ደግሞስ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም «ሰው የሚሞተው አንዴ ነው» እየተባለ ያደገ የጅማ ሰው፣ ያለፈ ሕይወቱን ፍለጋ ብር ይከፍልሃል?

«ባይጠቅምም አይጎዳም።»
ይጎዳል እንጂ። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ምክር ቤት በሂፕኖሲስ የወጣ ትዝታ ከተራው የበለጠ አይታመንም፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል ብሏል። ልጇን የቀበረች እናት «በቀድሞ ሕይወትሽ በሠራሽው ነው» የሚል ነገር ይዛ ብትወጣ ማን ይመልስላታል?

በረካው መጣ። ጓደኛችን ሲኒውን አዟዟረና «ማስተርሱ ስንት ዓመት ነው?» አለ።
«ሁለት።»
«ኧረ ቀስ!» አለና ሳቀ።