ስለ ቁም ሳጥን የምንሳሳተው

ባለፈው ነሐሴ ጋቢዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣው ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። ቤታችን ሀዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ቁም ሳጥኑን ጎትተን ስናየው የጀርባው ኮምፔንሳቶ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ግድግዳው እጅ ሲያሳርፉበት እርጥብ ነው። ለካ ከወዲያ በኩል ሻወር ቤቱ ነው!

«ግድግዳው ላይ ልጥፍ ሲል ነው የሚያምረው።» እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። ግን አየር በማይዘዋወርበት ቦታ እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ሻጋታው ከዚያ ይነሳል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት። ከተቻለ ሁለት መኝታ ክፍሎችን የሚለየውን ግድግዳ ምረጡ። ክፍተቱ ምስጥን ለመከታተልም ይጠቅማል፤ ግድግዳው ላይ የምትሠራውን ቀጭን የአፈር መስመር በባትሪ አብርታችሁ በጊዜ ታዩበታላችሁ።

«ናፍታሌን ካለ ችግር የለም።» ናፍታሌን ለብል ነው፣ እርጥበት አያደርቅም። ይህን ደግሞ አደራ እላለሁ፦ የሕፃን ልብስ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡት። ትነቱ የሕፃናትን ቀይ የደም ሴል ሊጎዳ ይችላል። ልብሱን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቆ ማስገባት ይሻላል። ጋቢና ነጠላ ደግሞ ታጥፈው ይቀመጡ፤ ጋቢ ከተሰቀለ በክብደቱ ይለጠጣል።

«ቺፑድ ከንቱ ነው፣ ዋንዛ ካልሆነ አይገዛም።» ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፣ ዋጋው ግን የሁሉም አቅም አይደለም። ቺፑድን የሚገድለው ውሃ ነው። ወለል በተወለወለ ቁጥር ያልተሸፈነው ጠርዙ ውሃ ይመጥጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ ጠርዙ መሸፈኑን፣ እግሩም ከወለል ከፍ ማለቱን እዩ።

«ሰፊ ከሆነ በቂ ነው።» ጥልቀቱንም ለኩ። ውስጡ ከ55 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የኮቱ እጅጌ በር ውስጥ ይቀረቀራል። የኮርኒሱም ከፍታ አይዘንጋ። ቁመቱ 240፣ ጥልቀቱ 60 የሆነ ቁም ሳጥን ተኝቶ ገብቶ ሲቆም ማዕዘኑ ከ247 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል።

«ከባድ ስለሆነ አይወድቅም።» ልጅ መሳቢያውን ስቦ ሲንጠለጠልበት ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላል። ላዩን በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር በፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ በሚይዘው ፕላስቲክ) አስሩት። የተውነው ክፍተት እንዳይጠፋ ማሰሪያው ጋ ቁራጭ ጣውላ ጣልቃ ይግባበት። የኛን ያሰረልን አናጺ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ጨርሶታል።