«ሲስተም የለም» በሚባልበት ሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባንክ መስኮት፣ በክፍያ ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ካርድ ክፍል «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ከተሜ የለም ማለት ይቻላል። ደንበኛው በማያየው ክፍል ውስጥ ደግሞ ያንን ሲስተም ለመመለስ የሚጥሩ የአይቲ ባለሙያዎች አሉ። በዚያች ሰዓት በእነርሱና በአለቆቻቸው መካከል የሚነገረው ነገር፣ ከዚያም በኋላ በስብሰባ የሚተላለፈው ውሳኔ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከእውነት በራቁ እምነቶች ላይ ነው። እምነቶቹ የአለቆች ብቻ አይደሉም፤ እኛው ባለሙያዎቹ ሳንመረምራቸው የተቀበልናቸውም አሉ። እዚህ የማነሣቸው በሥራ ቦታ ደጋግሜ የሰማኋቸውንና ተቋማትንም ሠራተኞችንም ዋጋ ሲያስከፍሉ ያየኋቸውን ነው።

«ሲስተሙ ከቆመ ተጠልፏል ማለት ነው»

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሲስተም ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በፍጥነት ተዛመተ። ባንኩ ተጠልፏል የሚለው ግምትም ወዲያውኑ ተሰማ። ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት ገለጸ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተከሠተው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን አስታወቀ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነግሯል።

በዓለም ደረጃም የሚታየው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚገመቱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ያቆመው፣ በረራዎችን ያሰረዘውና ሆስፒታሎችን ያስተጓጎለው ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ራሱ የላከው ስሕተት ያለበት አፕዴት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ያጠፋቸውም በመደበኛ ጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው።

ጠለፋ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ እየበዛም ነው፣ ምርመራውም በዚያ በኩል መዘጋት የለበትም። ነገር ግን ጠላትን ከውጭ መፈለግ ከተጀመረ፣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት «ከችግሩ በፊት በነበሩት ሰዓታት ምን ቀየርን?» የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቀራል። ለውጦች በጽሑፍ በማይመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥያቄው ቢነሣም መልስ አያገኝም፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ፣ ምን እንደነካ የሚታወቀው በሰዎች ትዝታ ብቻ ነውና።

«ጥፋተኛው ከተቀጣ ችግሩ ተፈታ»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት የሆነውን እንመልከት። አንድ ኢንጂነር ምሽት ላይ ሥራውን ሊጨርስ ሲል በሌላ ሰርቨር ላይ ያለው የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ቅጂ ከዋናው ጋር መናበብ አቆመ። ችግሩን ለማስተካከል የቅጂውን ፋይሎች ለማጥፋት ትእዛዝ ሰጠ፤ ትእዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። ስሕተቱን በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ አስተውሎ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የተገኘው አማራጭ ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ ስለነበር፣ በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ተጠቃሚዎች ያስገቡት መረጃ በቀላሉ ሊመለስ አልቻለም።

ድርጅቱ ኢንጂነሩን አላባረረም። የመልሶ ማቋቋም ሥራውን በቀጥታ ሥርጭት ለሕዝብ አሳየ፤ በኋላም የሆነውን ሁሉ ዘርዝሮ የኢንጂነሩን ስም ሳይጠቅስ አሳተመ። ያ ዘገባ ያወጣቸው ቁም ነገሮች አንድን ሰው በመቅጣት ሊገኙ የማይችሉ ናቸው፦ ዋናውና ቅጂው ሰርቨር በሥራ ማያው ላይ በግልጽ የማይለዩ መሆናቸው፣ እንዲህ ላለው ጥገና በቂ የጽሑፍ መመሪያ አለመኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) መሥራቱን የሚከታተል ባለቤት አለመሰየሙ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን በአማዞን የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ) ማከማቻ ላይ የደረሰው መቋረጥም የተነሣው አንድ ባለሙያ የተፈቀደለትን ትእዛዝ ሲጽፍ አንድ ግቤት በመሳሳቱ ነው፤ ከሥራ እንዲወጡ ከታሰቡት እጅግ የበዙ ሰርቨሮች ወጡ። ድርጅቱ የወሰደው እርምጃ መሣሪያውን መቀየር ነበር፦ ሰርቨሮችን ቀስ እያለ ብቻ ከሥራ እንዲያስወጣና ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች ሊያወርድ ሲል ራሱን እንዲያግድ አደረገው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። ሲስተሙ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ከደመወዝ መቁረጥ ወይም በስብሰባ ፊት መወቀስ ነው። ውጤቱም ይታያል፦ በሚቀጥለው ጊዜ የተሳሳተው ወጣት ባለሙያ አይናገርም። በአሥር ደቂቃ ሊታወቅ የሚችለው ምክንያት ባልደረቦቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጉት ያድራሉ፤ ሎግ (ሲስተሙ የተሠራበትን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ይጠፋል፤ ሪፖርቱ ላይ «የኔትወርክ መቆራረጥ» ተብሎ ይጻፋል። ሆን ብሎ መረጃ የሰረቀ ወይም ያጠፋ ሰው በሕግ መጠየቅ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን በቅን ልቦና የተሠራን ስሕተት እንደ ወንጀል የሚቆጥር ተቋም የሚያጣው ስለ ራሱ ሲስተም እውነቱን የሚነግረውን ሰው ነው፤ ስሕተቱን ያስቻለው ክፍተት ደግሞ ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ እዚያው ይቆያል።

«ባክአፕ አለን»

ጊትላብም ነበረው፤ ያውም በአምስት ዓይነት መንገድ። በቀኑ የተገለጠው ግን ሌላ ነው። መደበኛው የዳታቤዝ ባክአፕ ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም የቆየ ቨርዥን ስለነበር ምንም ሳይቀዳ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ በመልእክት ማረጋገጫ ጉድለት ምክንያት ተቀባይ ሳያገኝ ይቀር ነበር። በሩቅ ይቀመጣል የተባለው የክላውድ ማከማቻም ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው ያ ኢንጂነር ለሙከራ ሲል በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው።

እንግዲህ «ባክአፕ አለን» የሚለው ቃል የሚታመነው ከባክአፑ መረጃ መመለስ መቻሉ ተሞክሮ ሲታይ ብቻ ነው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንኳ ዳታቤዙን በሌላ ሰርቨር ላይ መልሶ ማስነሣት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መጻፍና የጎደለውን መለየት ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው የሥራ ሰዓት ተመድቦለት በዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም የምናምታታቸው ነገሮች አሉ። ሬይድ (መረጃን በበርካታ ዲስኮች ላይ አከፋፍሎ የሚይዝ አሠራር) የዲስክ ብልሽትን ይቋቋማል እንጂ የተሰረዘን ፋይል አይመልስም። የዳታቤዝ ቅጂ ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ሥራውን ይረከባል፤ ነገር ግን በዋናው ላይ የተሰጠው የማጥፋት ትእዛዝ በሰከንዶች ውስጥ እርሱም ላይ ይፈጸማል። ክላውድ ላይ ማስቀመጥም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ድርጅት ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው በዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ባክአፑንም በአንድ ሌሊት ያጡበት ሁኔታ ነበር። ሙያው ለዓመታት ሲመክረው የቆየው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚለው ደንብ የሚጠብቀው ከእንዲህ ያለ ጥፋት ነው። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሰርቨሩንም ባክአፑንም ጎን ለጎን ያስቀመጡ ተቋማት ዛሬም መኖራቸው ያሳስበኛል። ሁልጊዜ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘ ባክአፕም እንዲሁ አያስተማምንም፤ መረጃ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ አጥፊ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚፈልጉት እርሱን ነው።

«ጥሩ ሲስተም ፈጽሞ አይቋረጥም»

ይህን የሚሉ ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ሳይቋረጥ ይሠራል ተብሎ በአገልግሎት ውሉ ላይ የሰፈረውን መቶኛ አስልተውት አያውቁም። 99 ነጥብ 9 በመቶ ማለት በዓመት ውስጥ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መቋረጥ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። 99 ነጥብ 99 ከተባለ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። 99 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ከሦስት ቀን ተኩል ያልፋል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መውጣት ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ፣ ሁለተኛ ዳታ ሴንተርና ሌሊት ተረኛ የሚሆን የሰው ኃይል ይጠይቃል። እነዚህን ሳይፈቅዱ ሲስተሙ ለምን ቆመ ብሎ መቆጣት ያልተከፈለበትን አገልግሎት መጠየቅ ነው።

«ሪስታርት ቢያደርጉት ይስተካከላል»

ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ አስቸጋሪነቱም ከዚህ ይመነጫል። ሪስታርት ሲደረግ በሜሞሪ ውስጥ የነበረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ችግሩም ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ሰርቨሩን ከማስነሣት በፊት ሎጉን፣ የሜሞሪና የዲስክ አጠቃቀሙን፣ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ጠለፋ ከተጠረጠረ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው።

«ምንም ካልተበላሸ የአይቲ ክፍሉ ምን ይሠራል?»

እ.ኤ.አ. ከ2000 መግባት በፊት ዓመትን በሁለት አሃዝ የሚይዙ ኮምፒውተሮች 2000ን እንደ 1900 ይቆጥሩታል የሚል ሥጋት ዓለምን ይዞ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ማሽኖቹ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያኑ ስለነበር እኛንም ይመለከተን ነበር። ቀኑ ያለ ከባድ ጥፋት አለፈ፤ ብዙ ሰዎችም ሥጋቱ ከመጀመሪያው የፈጠራ ወሬ ነበር ብለው ደመደሙ። እውነታው ግን በመቶ ቢሊዮኖች የሚገመት ዶላር ወጥቶበት፣ ፕሮግራመሮች ለዓመታት የቆየ ኮድ መስመር በመስመር እየፈተሹ ማስተካከላቸው ነው።

የጥገና ሥራ ፍሬው አለመታየቱ ነው። ዲስክ ከመሙላቱ በፊት የሚያጸዳው፣ የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ከማለፉ በፊት የሚያድሰው ባለሙያ በግምገማ ወቅት የሚያቀርበው ጉልህ ክንውን የለውም፤ ራሱ ቸል ብሎት የቆየውን እሳት በሌሊት ያጠፋ ሰው ግን ይመሰገናል። ስለዚህ የአይቲ ኃላፊዎች የተከላከሏቸውን ችግሮች በወርኃዊ ሪፖርት መዝግበው ማቅረብ አለባቸው። አለዚያ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ክፍል ይሆናል።

«የአይቲ ሠራተኛ በሌሊት መጠራቱ የሙያው ጠባይ ስለሆነ ትርፍ ሰዓት አይታሰብለትም»

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአይቲ ባለሙያ የተለየ ማግለያ አላስቀመጠም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ በአንድ ነጥብ 75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ የመንግሥት ሠራተኞችም በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። በግል ባንክ፣ በሶፍትዌር ድርጅት ወይም በኢንተርኔት አቅራቢ የተቀጠረ የሲስተም አድሚን (ሰርቨሮችን የሚያስተዳድር ባለሙያ) ግን፣ የሥራ መሪ እስካልሆነ ድረስ፣ በዚህ አዋጅ ይጠበቃል።

ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ መሆን አለበት፤ ትእዛዙም በትክክል የተሠራውም ሰዓት በአሠሪው መመዝገብ ይኖርበታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በስልክ «ሲስተሙ ቆሟል፣ ቶሎ ግባ» ተብሎ የተሠራ ሥራ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ የተጠራ ባለሙያ ሥራውን እንደጨረሰ፣ ማን እንደጠራው፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረና ስንት ሰዓት እንደጨረሰ፣ ምን እንደሠራ ገልጾ በዚያው ሌሊት ለኃላፊው ኢሜይል ይላክ፤ ቅጂውንም ይያዝ። የሲስተሙ ሎግ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በራሱ ስለሚመዘግብ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናሉ።