በትሪያል ሞተር ውድድር ቅጣት ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተሩን ለጥገና ያስገባ ሰው ተራው እስኪደርስ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። ሰሞኑን በምንውልበት ጋራዥ በረንዳ ወሬው ሁሉ ትሪያል ነው፤ ኮርቻ የሌለው ቀላል ሞተር ቀጥ ያለ ቋጥኝ የሚወጣበት ውድድር። ማየቱን ሁሉም ይወዳል፣ ቅጣቱ ላይ ግን አንግባባም።

«ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።» አያሸንፍም። ጋላቢው በገመድና በምልክት የተከለሉ አስቸጋሪ ቦታዎችን አንድ በአንድ ያልፋል፤ በየቦታው የቆመ ዳኛ ስህተቱን ይቆጥራል። ሲደመር ትንሹን ቅጣት ያገኘ አንደኛ ይወጣል። የጊዜ ገደብ አለ እንጂ ፈጥኖ መውጣት ነጥብ አያስቀንስም።

«እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ የቅጣት ነጥብ ይጨመራል።» ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። አንዴ ከነካ 1፣ ሁለቴ 2፣ ሦስቴ 3። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢነካም ያው 3 ነው። ከወደቀ፣ ከክልሉ ከወጣ ወይም ሰው ከደገፈው ደግሞ 5። ስለዚህ ልምድ ያለው ጋላቢ ሦስተኛውን ከነካ በኋላ በሁለቱም እግሩ መሬቱን እየገፋ ሲወጣ ብታዩ አትሳቁበት፤ ከ5 ለመዳን አስቦ ነው።

የእግር ቅጣትና 5ቱም በአንድ ቦታ አይደመሩም። ባለፈው እሑድ በሬሳ ወንዝ ዳር ልጆቹ በድንጋዮች መሀል ቀይ ክር ዘርግተው ሞክረው ነበር። አንዱ ሁለቴ እግሩን አስነክቶ ከትልቁ ድንጋይ ላይ ተንከባለለ። ቆጣሪው ጓደኛው እርጥቡ አሸዋ ላይ በእንጨት 7 ብሎ ጻፈለት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ በትሪያል ግን የወደቀው ልጅ ተቆጣ። የተናደደው በሐቅ ነው፤ የአንድ ቦታ ጣሪያ 5 ነው፣ ቀድሞ የተቆጠረው 2 በዚያው ይዋጣል።

«የሚቆጠረው እግር ብቻ ነው።» ባሕር ዛፍ ላይ በትከሻ መደገፍም እንደ እግር ይቆጠራል። በአንጻሩ ጎማው፣ የእግር ማሳረፊያውና ከሞተሩ ሥር ያለው መከላከያ ብረት ድንጋይ ቢነኩ አያስቀጡም። ያ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ የብረት ፍጭት ከዳኛው ዘንድ ዋጋ የለውም።

«መቆም (እግር ሳያወርዱ ባሉበት ቀጥ ማለት) ሁልጊዜ 5 ነው።» «መቆም ምንም አያስቀጣም» የሚልም አለ። ሁለቱም እንደ ውድድሩ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ከቤት ውጭ ለሚደረገው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 መቆም ተከልክሎ 5 የሚያስቆጥር ሆነ፤ ከዚያ በፊት ይፈቀድ ነበር፣ በአዳራሽ ውስጥ ውድድርም ተፈቅዶ ታይቷል። በረንዳችን ላይ ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ሲሟገቱ የዋሉት አንዱ የድሮ፣ ሌላው የአዲስ ቪዲዮ ስላየ ነው። መጀመሪያ ዓመቱን እዩ።

«ሞተሩ ከጠፋ አለቀለት።» መጥፋቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጠፍቶ ሳለ እግሩ መሬት ከነካ ነው 5 የሚሆነው። እግሩን ከማሳረፊያው ሳያነሳ ቁልቁል እየተንከባለለ ከወጣ ዜሮውን ይዞ ይሄዳል።

«ነጥብ እኩል ከሆነ ዕጣ ይጣላል።» ዕጣ የለም። መጀመሪያ የሚታየው ማን ብዙ ቦታ ያለ ቅጣት እንዳለፈ ነው፤ በዜሮም እኩል ከሆኑ ባለ 1 ቦታዎች ይቆጠራሉ።