«ሊሚትድ ነው» ሲባል፦ የጃፓን መኪና አመጣጥ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ መኪና ሲሻሻጥ «ይሄ ሊሚትድ ነው፣ በቁጥር ነው የወጣው» የምትለው ቃል ከገባች ዋጋው ወዲያው ይወጣል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ቱሪስት የሚያመላልሰው ላንድ ክሩዘርም፣ ፒያሳና አዘዞ መካከል የሚሮጠው ቪትዝም ይባልለታል። ደላላው የሚለውን ማጣራት ግን ይቻላል። የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ የመኪናው ወረቀቶችና የማይቸኩል ገዢ ነው።

«አርማው ካለበት ሊሚትድ ነው»

አርማ ተገዝቶ የሚለጠፍ ነገር ነው። ሊሚትድ መኪና የሚታወቀው ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል በሰጠው የሞተር፣ የካምቢዮ እና የበር ዓይነት ነው። ሁለት ምሳሌ እንይ።

ቶዮታ የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘርን 30ኛ ዓመት አስመልክቶ ከነሐሴ 2006 (እ.ኤ.አ. 2014) ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ በጃፓን መልሶ ሸጦት ነበር። ያ መኪና ጂአርጄ76ኬ ወይም ጂአርጄ79ኬ ይባላል። ሞተሩ 1ጂአር-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 4.0 ሊትር ቤንዚን፣ ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ ማንዋል፣ መሪውም በቀኝ ነው። ስለዚህ «የጃፓኑ 30ኛ ዓመት ነው» ተብሎ ኮፈኑ ሲከፈት 1ኤችዜድ ናፍጣ ከተገኘ፣ ወይም ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ፣ ወሬው እዚያው ያበቃል። መኪናው ጥሩ ላንድ ክሩዘር ሊሆን ይችላል፤ የተባለው ግን አይደለም።

ሁለተኛው ያሪስ ጂአርኤምኤን የሚባለው የቶዮታ የስፖርት ሞዴል ነው። ለአውሮፓ የወጣው 400 ብቻ ሲሆን ባለ ሦስት በር፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል፣ ባለ 1.8 ሊትር ሱፐርቻርጀር ሞተር ነው። አምስት በር ያለው «ጂአርኤምኤን» ከቀረበልዎ ተለጣፊ ነው የቀረበልዎ።

«የጃፓን መኪና ከሆነ ጃፓን ነው የተሠራው»

ይህም አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ያሪስ የተገጣጠመው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እኛ አገር በደፈናው «ቪትዝ» ከምንላቸው ብዙዎቹም በወረቀት ያሪስ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደላት ያንብቡ፦ በጄቲ የሚጀምር ጃፓን የተሠራ ቶዮታ ነው፣ በቪኤንኬ የሚጀምር ፈረንሳይ። ፈረንሳይ መሠራቱ ጥራቱን አይቀንሰውም፤ «ኦሪጅናል የጃፓን» ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መከፈሉ ነው ስህተቱ።

«የሻንሲ ቁጥሩ 17 ምልክት ካልሆነ ፎርጅድ ነው»

ለጃፓን ገበያ የሚሠራ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር የለውም። ያለው አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው፤ የሞዴሉ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር። በተቃራኒው 17 የሆነው ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ አንዱ ከተገኘ በእርግጥ መጠርጠር ነው። አሥረኛው ምልክት ሁልጊዜ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ በአሜሪካ መኪና ይሠራል፣ በአውሮፓ ቶዮታ ላይ መተማመኛ አይሆንም።

ቁጥሩን ለማንበብ ጭቃውን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ያንሱ። በብረት ብሩሽ አይፈግፍጉት፤ የድሮውን ቁጥር የፋቁት እርስዎ ይመስላሉ። በ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ላይ በቀኝ በኩል፣ በፊት ጎማው አካባቢ፣ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። በፊደሎቹ ዙሪያ የብየዳ መስመር፣ ስቱኮ ወይም ከአካባቢው የተለየ አዲስ ቀለም ካለ ግዢውን ያቁሙ።

«መሪው ግራ ስለሆነ ከፋብሪካው ግራ ነው»

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይህኛው ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። የጃፓን ገበያ ሊሚትዶች በአብዛኛው የቀኝ መሪ ናቸው። እኛ ጋ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነበር የሚመጣው።

ከኮፈኑ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን የቶዮታ ሰሌዳ ያንብቡ። ለውጭ ገበያ በተሠሩት ላይ ከሞዴሉ ቁጥር ቀጥሎ ኤል ካለ መሪው ከፋብሪካ ግራ ነው፣ አር ካለ ቀኝ። በኮዱ መጨረሻ የሚታየው ፊደል ገበያውን ይነግራል፦ ቪ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ደብሊው አውሮፓ፣ ኪው አውስትራሊያ፣ ኤ አሜሪካ። እዚያው ሰሌዳ ላይ የቀለም ኮድ አለ፤ «የሊሚትዱ ልዩ ቀለም» የተባለው ከኮዱ ጋር ካልገጠመ መኪናው ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ነው።

ቀጥሎ ብረቱን ይዩ። በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ላሜራ ላይ በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ወይም ብየዳ አለ? የፍሬኑ ቡስተር ቀኝ ቀርቶ ፔዳሉ ግራ ከሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ዘንግ ከዳሽቦርዱ ኋላ አለ ማለት ነው፤ መገጣጠሚያው ሲላላ ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ በቁልቁለት የሚፈለግ ነገር አይደለም። ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ ኤርባጉ ወጥቶ መብራቱ ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ነው። ማታ ላይ ግድግዳ ፊት አቁመው አጭር መብራቱን ያብሩ፤ የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ግራ ከፍ ካለ መብራቱ ለግራ መንገድ የተሠራ ነው፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ሬዲዮውም ይናገራል፦ የድሮው የጃፓን ኤፍኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ነው፤ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ካለው መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ እንደሆነ ይጠቁማል።

«ሊብሬው ላይ ያለው የተሠራበት ዓመት ነው»

ሦስት አቆጣጠር ይደባለቃል፦ የእኛ፣ የአውሮፓና የጃፓን። የጃፓን ኤክስፖርት ሰርተፊኬት የሚጽፈው በመጀመሪያ የተመዘገበበትን ጊዜ ነው፤ ይህም ከተመረተበት ወራት ሊዘገይ ይችላል። ዓመቱም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊሆን ይችላል፦ በሄይሴይ ከሆነ 1988፣ በሬይዋ ከሆነ 2018 ይደምሩ። ሄይሴይ 26 ማለት 2014 ነው። «የ2008 ሞዴል» ሲባሉ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ለማመሳከሪያ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ታች ይሳቡት፤ ከሥሩ የተሰፋው ጨርቅ ላይ ቀበቶው የተሠራበት ጊዜ ተጽፏል። ከመኪናው ዕድሜ በጣም ከራቀ ቀበቶው ለምን እንደተቀየረ ይጠየቅ።

«የጨረታ ወረቀት ካለው ንጹሕ ነው»

ይህ ያገለገለ መኪና ጃፓን ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ስለ ይዞታው የሚጻፍ ወረቀት ነው፤ ይነበባል እንጂ አይታመንም። 4 እና 4.5 ጥሩ ነው፣ አር ወይም አርኤ የተጋጨና የተጠገነ ነው፣ ደብሊው ተቀጥቅጦ የተስተካከለ ላሜራ፣ ድርብ ኤክስ የተቀየረ ክፍል። ኮፒው በቀላሉ ስለሚቀየር ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩንና ኪሎ ሜትሩን ከኤክስፖርት ሰርተፊኬቱ ጋር ያስተያዩ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ አዲስ ሆኖ የመጣ መኪና ይህ ወረቀት ባይኖረው ጥፋት የለበትም።

«የሞተሩ ቁጥር ከተለየ የተሰረቀ ነው»

የግድ አይደለም። ብዙ የሠራ ላንድ ክሩዘር ሞተር ይቀየርለታል። ለውጡ ሊብሬው ላይ ከሰፈረ፣ ሻንሲውም ከዲክላራሲዮኑ ጋር ከገጠመ፣ መኪናው በሕግ ንጹሕ ነው፤ በሊሚትድ ዋጋ ግን አይገዛም። ሊብሬው የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ከሆነ ሻጩ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ያስተካክል፣ ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይከፈል።